አንቀልባው የተፈታበት መንገድ

በመንዝ የሚታዘል ልጅ ሳይታሰር መንገድ አይወጣም ነበር። ገበያ ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ ታቦት ለማንገሥ ቢሆን፣ እናት ከደጃፏ የምትነሣው ልጇን አዝላ፣ ጠፍሩን ስባ፣ ቋጠሮውን ፈትሻ ነበር። የሚታዘል ልጅ ሳይታሰር መጓዝ የጀመረው መኪና ከመጣ ወዲህ ነው። የታሪክ አስተማሪ ሆኜ ስለ ነገሥታት ዘመቻና ስለ ውሎች ብዙ አስተምሬያለሁ፤ ልጆች ከአገር አገር እንዴት ይሻገሩ እንደነበር የሚነግር የመማሪያ መጽሐፍ ግን አላጋጠመኝም። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ። የተወለድሁት ዘመሮ ነው፤ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ። እናታችን ሁላችንንም ያዘለችን በአንድ አንቀልባ ነው። ወንድሜ በዚያው በመንዝ መስመር መኪና ይነዳል። ታናሽ እኅቴ ደግሞ ልጆቿን የምታሳድገው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው።

ከአንቀልባው ልጀምር። ዛሬ ብዙ እናቶች በነጠላና በሱቅ ማዘያ ስለሚያዝሉ፣ የቆዳውን አንቀልባ አሠራር የሚያውቅ ሰው እያነሰ ነው። ቆዳው የፍየል ወይም የበግ ነው። ጠጉሩ ተነቅሎ፣ ሥጋው ተፍቆ፣ በእምቧይ ፍሬ ይታሻል፤ ከዚያ በእግር እየተረገጠ፣ በእጅ እየተፈተገ፣ ቅባት እየጠጣ ሲያጥፉት የማይንኮሻኮሽ እስኪሆን ድረስ ይለፋል። ጠርዙ ታጥፎ ይሰፋል፤ ከማዕዘኖቹ ረጃጅም ጠፍር ይወጣለታል። አቅም ያላት ዛጎልና ጨሌ ታስደረድርበታለች፤ የሌላት ባዶውን ትይዘዋለች። ያጌጠውም ያላጌጠውም ልጅ መሸከሙ ላይ እኩል ነው።

ይህን ዕቃ የሚሠራው ሰው በአገሩ ክብር አልነበረውም። ፋቂ መባል ስድብ ነበር፤ ባለሙያው በጋብቻ ይራቅ፣ በማዕድ ይገለል ነበር። የመንዝ ጨዋ ነኝ ባይ ሁሉ በዚህ ሰው የእጅ ሥራ ታዝሎ አድጎ፣ ጎልምሶ ሲገናኘው ፊቱን ማዞሩ ግፍ ነው። ይህ ግፍ ሳይነሣ የአንቀልባ ታሪክ ሊጻፍ አይገባም።

አስተሳሰሩን እናቴ ታናሼን ስታዝል ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ጎንበስ ትላለች፤ ልጁን በጎኗ አሻግራ ጀርባዋ ላይ ታስተኛዋለች፤ እግሮቹን ከፍታ ወገቧን ታስታቅፈዋለች። ቆዳውን ከላዩ ትጥልና ታችኛውን ጫፍ ከመቀመጫው ሥር ታስገባለች። የላዩን ጠፍር በትከሻዋ አውርዳ ደረቷ ላይ ታመሳቅላለች፤ በብብቷ ሥር አዙራ፣ ልጁን ከታች አስደግፋ ወገቧ ላይ ትቋጥራለች። ከዚያ ቀና ብላ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ነጠር ነጠር ታደርገዋለች። ያቺ ነጠር ማድረግ ፍተሻ ነበረች። ልጁ ወደ ታች ሸርተት ካለ ቋጠሮው ላልቷል ማለት ነው፤ ፈትታ እንደ አዲስ ታስራለች። ቸኩላም ቢሆን ይህን ስትዘልል አላየኋትም።

ጋቢው ወይም ባናው የሚደረበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የመንዝ ብርድ የታወቀ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጩ ማሳውን ነጭ ያደርገዋል። ባናው ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ልብስ ስለሆነ በልጁና በጠፍሩ መካከል ከገባ ማሰሪያው የያዘ ይመስላል እንጂ አይዝም። መጀመሪያ ማሰር፣ ቀጥሎ ማልበስ ነበር ደንቡ። ወደዚህ ቅደም ተከተል ኋላ ስለምመለስ አንባቢ ይያዝልኝ።

አራስ ልጅ አይታዘልም። አንገቱ እስኪጠና ድረስ በእቅፍ ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ለክርስትና ሲወጡም በእቅፍ ነው የሚወሰዱት። አንገት ሲጠና ወደ አንቀልባ ይገባል። መሄድ ሲጀምር አጭሩን መንገድ በእግሩ፣ ሲደክመው በአባቱ ትከሻ እሽኮኮ። ከፍ ሲል ደግሞ በቅሎ ካለ ከኮርቻው ፊት ይቀመጣል፤ ልጓም የያዙት የአባት ክንዶች ግራና ቀኙን ያጥሩታል። ቁልቁለቱ ሲደርስ አባትም ልጅም ይወርዳሉ። አያቴ እንደሚሉት ወደ ቆላ በሚወስደው ገደል ላይ ልጅ ኮርቻ ላይ ይዞ የሚወርድ አባወራ በሰፈሩ ይወቀስ ነበር። እያንዳንዱ ደረጃ ለልጁ አካል የተለካ ነው። የአራት ወር ሕፃን እሽኮኮ የሚያደርግ፣ የስድስት ዓመት ልጅ በአንቀልባ የሚያዝል ማንም አልነበረም።

ምቾቱም ከደኅንነቱ አይለይም ነበር። ቆዳው እንዲያ የሚለፋው የሻከረ ቆዳ የልጅ ጭን ስለሚልጥ ነው። ጭኑ የተላጠ ልጅ ይንፈራገጣል፤ የሚንፈራገጥ ልጅ ደግሞ ቋጠሮ ያላላል። የተመቸው ልጅ እንቅልፍ ይወስደውና አቀበቱንም ቁልቁለቱንም ሳያውቀው ያልፈዋል።

መኪና ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ለመንዝ እናት ግን ያ የቤተ መንግሥት ወሬ ነበር። መንገዱ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ጣርማበር ላይ ተራራውን በዋሻ በስቶ ወደ ደሴ የሚወርደውን መንገድ ጣሊያኖች የሠሩት በዚያ ጊዜ ነው። ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ዋሻ ዛሬም ሙሶሎኒ እያለ የሚጠራው ሰው ብዙ ነው። ያ መንገድ መንዝን በጎኗ ነክቶ አለፈ እንጂ አልገባባትም። ከጣርማበር በመዘዞ አድርጎ ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ የሚዘልቀው ኋላ የመጣ ነው፤ ዘመሮ ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው መኪና ያየችው። ስለዚህ ለረጅም ዘመን የእኛ አገር ሴት አዲስ አበባ ዘመድ ለመጠየቅ ብትነሣ ልጇን አዝላ በእግሯ ወደ መኪናው መንገድ ትወጣለች፤ እዚያ ስትደርስ አንቀልባውን ትፈታለች።

የተፈታበት ምክንያት ግልጽ ነው። መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ልጅ አዝሎ መቀመጥ አይቻልም፤ ልጁ በእናቱ ጀርባና በወንበሩ መካከል ይጨፈለቃል። በጭነት መኪና፣ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጦ መጓዝም ያው ነው፤ ሰው እርስ በርሱ ስለሚደገፍ በጀርባ ያለ ልጅ ይታፈናል። እናት ፈትታ ጭኗ ላይ አደረገችው። አንቀልባውን አጣጥፋ ከስንቁ ጋር ከተተችው። አዲሱ ተሽከርካሪ ሰው ከሚሄድበትና በቅሎ ከሚሰግርበት ፍጥነት ብዙ እጥፍ እየበረረ፣ ልጁ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ጠፍር አልነበረም። ይህን ያወጀ ንጉሥ፣ ያዘዘ ሹም የለም። በየመንገዱ ዳር፣ በየእናቱ እጅ፣ ሳይታወቅ የሆነ ለውጥ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ማንም ሳይጽፈው የቀረው።

ሁለተኛው ምክንያት ሒሳብ ነው። ጭን ላይ ያለ ልጅ አይከፍልም። ወንበር የያዘ ልጅ ይከፍላል። ሁለት ልጅ ይዛ ለምትሄድ ድሃ እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልማዱ ከጭነት መኪናው ወደ አውቶቡሱ፣ ከአውቶቡሱ በደርግ ጊዜ ወደ ተለመደው ውይይት ታክሲ፣ ከዚያም ወደ ሚኒባሱና ወደ ቅጥቅጡ ተላልፎ እስካሁን አለ። ሕፃኑ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅም ቢሆን ሰው ሲበዛ ረዳቱ «ይታቀፍ! ይታቀፍ!» ይላል። የሚያቅፈው ከጠፋ መተላለፊያው ላይ ዱካ ይቀርብለታል፤ ወይም ጋቢና ገብቶ የሞተሩ ክዳን ላይ፣ ከፊት መስታወቱ ትይዩ ይቀመጣል። በአገራችን መንገድ ከሁሉ ይልቅ የተረሳው ይህ ዕድሜ ነው። ከአንቀልባ ወርዷል፤ የአዋቂ ወንበር ገና አልደረሰም፤ አባቱ በኮርቻ ፊት በክንዱ ያጥረው የነበረው ልጅ ማለት ይህ ነው።

ወንድሜ ስለዚህ ነገር ሲናገር ፊቱ ይለወጣል። «እትዬ፣ ፍሬን በኃይል ስይዝ መጀመሪያ የምሰማው የልጅ ድምፅ ነው» ይለኛል። በመንዝ የጓሳ ደጋ ላይ ጉም ሲወርድ ከፊት ያለው አይታይም፤ የበግ መንጋ ድንገት መንገዱ ላይ ይገኛል። አዋቂው የፊቱን ወንበር ብረት በእጁ ይይዛል፤ ታቅፎ የነበረው ልጅ ከእቅፍ ይወጣና በግንባሩ ያንኑ ብረት ይመታል። ከመንጋው ጋር ሳይጋጭ፣ አንድ በግ ሳይነካ፣ ቅንድቡ የተተረተረ ሕፃን ይዞ ጤና ጣቢያ ደጃፍ የቆመበት ጊዜ አለ። እናቲቱ እያለቀሰች «ይዤው ነበር እኮ፣ አጥብቄ ይዤው ነበር» ትላለች። ይዛውም ነበር።

ክንድ የማይችለው ለምን እንደሆነ ማስላት ይቻላል። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ተጋጭቶ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት ከ200 እስከ 300 ኪሎ በሚሆን ኃይል ወደ ፊት ይሳባል። ሦስት ኩንታል ገብስ በእቅፏ ይዛ የምታስቀር እናት የለችም፤ አባትም የለም። እናቲቱ ራሷ ካልታሰረች ደግሞ ሙሉ ክብደቷ ልጁን ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር ያጣብቀዋል። አንዱን ቀበቶ ለሁለት ማሰርም መዳኛ አይሆንም፤ በግጭት ጊዜ የእናት አካል ልጁን ቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል።

ይህን ነገር ሌላው ዓለምም ወዲያው አልተረዳውም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለልጅ ይሸጥ የነበረው የመኪና ወንበር በወላጅ ወንበር መደገፊያ ላይ የሚንጠለጠል፣ ልጁ በመስኮት እንዲያይና ሾፌሩን እንዳያስቸግር ብቻ የተሠራ ነበር። አንዳንዱ ላይ የአሻንጉሊት መሪ ተገጥሞለት ነበር። ልጅን ከግጭት ለማዳን ታስበው የተሠሩ ወንበሮች የመጡት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በእንግሊዝ ጂን ኤምስ፣ በአሜሪካ ሌናርድ ሪቭኪን የየራሳቸውን ሠሩ። የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ዛሬ ሁላችን የምናስረውን ከትከሻ ወደ ወገብ የሚወርድ ቀበቶ ያወጣው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1959 ነበር።

ስዊድናዊው ሐኪም በርቲል አልድማን ጉዳዩን ከልጁ አንገት ተነሥቶ ተመለከተው። የሕፃን ራስ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው፤ አንገቱ ደግሞ ገና አልጠናም። አልድማን የጠፈር ተጓዦች ጀርባቸውን ለኃይሉ ሰጥተው እንደሚቀመጡ አይቶ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥ የሕፃን ወንበር ሠራ። ግጭት ሲመጣ ኃይሉ በጀርባው ሁሉ ይከፋፈላል፤ አንገቱ ለብቻው አይጎተትም። የመንዝ አዋላጅ ይህን ብትሰማ አትደነቅም። አንገቱ ያልጠና ልጅ እንደ ጠና ልጅ አይጓዝም ስትል ነው የኖረችው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካኝ ግን የቴነሲ ታሪክ ነው። በዚያ የአሜሪካ ግዛት ሮበርት ሳንደርስ የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ለዓመታት ወትውተው፣ ልጅ በመኪና ውስጥ በመቀመጫው እንዲታሰር የሚያስገድደውን የመጀመሪያውን የአሜሪካ ሕግ አስወጡ። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1978 መጀመሪያ ነው። ሲጸድቅ ግን አንድ ቀዳዳ ተጨመረበት፤ ሕፃን በእናቱ እቅፍ ከሆነ ባይታሰርም ይፈቀዳል የሚል። የሕግ አውጪዎቹ አሳብ ከእናት እቅፍ የበለጠ ምን አለ የሚል ነበር፤ በእኛ አውቶቡስም የሚነገረው ይኸው ነው። ዶክተር ሳንደርስና አብረዋቸው የታገሉት ያንን አንቀጽ «ልጅ ጨፍላቂው» አሉት። እስኪሰረዝ ድረስ አላረፉም፤ በ1981 ተሰረዘ። እስከ 1985 ድረስ የአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። የእናት እቅፍ በመኪና ውስጥ እንደማይበቃ ለማሳመን የሠለጠነ የሚባለው አገርም ስንት ዓመት እንደፈጀበት ሳስብ፣ የእኛን እናቶች የሚወቅስ ሰው ሲያጋጥመኝ እቆጣለሁ።

ከፍ ላለው ልጅ የሚሆነው ከፍ ማድረጊያ ወንበር፣ በእንግሊዝኛው ቡስተር የሚሉት፣ ከሁሉ ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ከዚያው ከስዊድን መጣ። ሲያዩት ተራ ነገር ነው፤ ጠንካራ ትራስ ነው፣ አንዳንዱ መደገፊያና የራስ መከለያ አለው። ሥራው ግን ትልቅ ነው። የመኪና ቀበቶ ለአዋቂ ቁመት የተለካ ነው። በእኛም አገር በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ቀበቶ ማሰርን አዝዟል፤ ነገር ግን የስድስት ዓመት ልጅ ባዶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያንኑ ቀበቶ ቢያስር፣ የላዩ ክፍል አንገቱን ያንቀዋል፣ የታችኛው ሆዱ ላይ ይወጣል። ግጭት ሲመጣ ቀበቶው ያረፈበት ሆድ፣ ጉበትና አንጀት ነው የሚጎዳው። ልጁ በከፍ ማድረጊያው ላይ ሲቀመጥ ግን የላዩ ቀበቶ በትከሻው መሐል ያልፋል፣ የታችኛው የዳሌውን አጥንት ይይዛል። አጥንት ኃይል ይችላል፤ ሆድ አይችልም።

ምቾቱም እዚህ ላይ ነው። እግሩ አጭር የሆነ ልጅ ጀርባውን ወንበሩ ላይ አስደግፎ ቢቀመጥ ጉልበቱ አይታጠፍለትም፤ የወንበሩ ጠርዝ ባቱን ይወጋዋል። ስለዚህ ሸርተት ብሎ ወደ ፊት ይመጣል፤ ቀበቶውም ወደ ሆዱ ይወጣል። አንገቱን ሲከረክረው ደግሞ የላዩን ቀበቶ በብብቱ ሥር ወይም ከጀርባው ያደርገዋል። ወላጅ «ይህ ልጅ አልታዘዝ አለ» ብሎ ይገርፋል። ልጁ ያልታዘዘው ስላልተመቸው ነው። በከፍ ማድረጊያው ላይ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ውጭውን ያያል፣ ማቅለሽለሹም ይቀንስለታል፤ ሳይጨቀጨቅ ይቀመጣል።

ይህ ወንበር የሚያስፈልገው ዕድሜ፣ ከአራት ዓመት ገደማ ጀምሮ ቁመቱ አንድ ሜትር ከ45 ሳንቲ ሜትር አካባቢ እስኪደርስ፣ ልክ ልጅ ትምህርት ቤት የሚመላለስበት ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ዐደባባይ ቆማችሁ የትምህርት ቤት ሰርቪሶችን ተመልከቱ። በአንድ ወንበር ሦስት ልጅ፣ በጋቢና ሁለት፣ ከነቦርሳቸው። የቤት መኪና ውስጥም ቢሆን በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ቆሞ የሚሄድ ልጅ፣ መሪ እያስያዘ ጭኑ ላይ ልጁን አስቀምጦ የሚነዳ አባት ማየት ብርቅ አይደለም። አባትየው ልጁን ስለሚወድ ነው ያንን የሚያደርገው። ፍቅሩን አልጠራጠርም፤ በመሪውና በአባቱ ደረት መካከል ያለ ልጅ ግን በመኪናው ውስጥ ካሉት ሁሉ ይልቅ ለአደጋ የቀረበ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአምስት እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል የመንገድ አደጋን የሚቀድም እንደሌለ ይናገራል።

እኅቴ ቨርጂኒያ ውስጥ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ከሆስፒታል ስትወጣ፣ ነርሷ መኪናው ድረስ ወርዳ የሕፃኑን ወንበር አይታለች። በዚያ ግዛት ልጅ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ለእርሱ በተሠራ ወንበር መታሰር አለበት፤ ሕፃን ከሆነ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ወይም ወደ ፊት ለሚዞር ወንበር የተወሰነው ዝቅተኛ ክብደት ላይ እስኪደርስ ፊቱ ወደ ኋላ ነው። ኋላ ልጆቿ ሁለት ሆነው ለገና ዘመሮ ይዛቸው ስትመጣ፣ የትንሹን ወንበርና የትልቋን ከፍ ማድረጊያ ጭና መጣች። ከአዲስ አበባ በተከራየነው መኪና ከአክስታችን ጋር ወጣን። ጣርማበር ላይ ብርዱ ሲጀምር አክስታችን ልጁን ካላቀፍሁት አሉ። «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ጠፍረሽ ብርድ ላይ ታስቀምጪዋለሽ? እኔ ጋ ይሙቅ» አሏት። እኅቴ እምቢ አለች። ልጁ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ነበር፤ አስወለቀችው፣ ጠፍሮቹን በሁለቱ ትከሻ አውርዳ ደረቱ ላይ ቆለፈች፣ ጣቷን ከጠፍሩ ሥር አስገብታ አየች፣ ከዚያ ጋቢ ከላይ አለበሰችው። ጃኬቱን ለምን እንዳስወለቀች አክስታችን ጠየቁ። ጃኬቱ ወፍራም ስለሆነ ማሰሪያው የያዘ ይመስላል እንጂ ሲጋጭ ልጁ ይወጣል አለቻቸው። አክስታችን ዝም አሉ። ልጅ አዝለው ያሳደጉ ሴት ናቸውና ባናውን ከጠፍር በላይ እንጂ ከጠፍር በታች እንደማያደርጉት ያውቃሉ። መዘዞ እስክንደርስ ድረስ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ልጁን ካላቀፍሁ ግን ደግመው አላሉም። ትልቋ ከፍ ብላ ተቀምጣ ጓሳ ላይ ጅብራውንና የጭላዳ መንጋውን ስትቆጥር ሄደች።

የቤት መኪና ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁን ከኋላ ወንበር አስቀምጡ፤ ሕፃን ከሆነ ፊቱን ወደ ኋላ አዙራችሁ፣ ከፍ ሲል ጠፍር ባለው ወንበር፣ ከዚያም በከፍ ማድረጊያ። ሩቅ መንገድ ብቻ ሳይሆን እስከ ሰፈር ሱቅም። የሰርቪስ ባለቤቶች፣ አንድ ልጅ አንድ ወንበር ይያዝ፤ ወላጆችም ለዚያ የሚገባውን ክፍያ አትከልክሉ። የቅጥቅጥና የአውቶቡስ ማኅበራት፣ ጭን ላይ ከሆነ ነጻ የሚለውን ደንብ ለውጡት፤ ልጅ በግማሽ ዋጋ የራሱን ወንበር የሚይዝበት ሥርዓት አውጡ፣ ልጅ ጋቢና አይግባ፣ ዱካም አይቅረብለት። በውጭ አገር ያላችሁ የመንዝ ልጆች ደግሞ ለገናና ለጥምቀት ስትመጡ ከልብስና ከጫማው ሻንጣ አጠገብ አንድ ከፍ ማድረጊያ ጨምሩ፤ ቀላል ነው፣ ብዙ ቦታ አይዝም። የተጋጨ መኪና ውስጥ የነበረ ወንበር አታምጡ፤ ከሥሩ የተጻፈውን የአገልግሎት ማብቂያ ቀንም ተመልከቱ። ልጆቻችሁ ሲያድጉ ወንበሩን ይዛችሁ አትመለሱ፤ ዘመሮ፣ መሐል ሜዳ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ላለው ዘመድ ተዉለት፤ አስተሳሰሩንም በእጃችሁ አሳዩት።